የአየርላንድ ውስኪ ሲገዙ ገንዘብዎ ምን ላይ ይዋል? ጠጪዎች የሚከራከሩባቸው ጠርሙሶች በንጽጽር

ስለ አየርላንድ ውስኪ ጠጪዎችን ቢጠይቁ ሁለት ተቃራኒ መልሶች ይሰማሉ። አንዱ ወገን «ለስላሳ ነው፣ ጉሮሮ አያቃጥልም» ብሎ ያመሰግነዋል። ሌላው ወገን ይህንኑ ልስላሴ ነቅፎ «ቀጭን ነው፣ አፍ ላይ አይቆይም» ይላል። የሚያወሩት ስለ አንድ ጠባይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሁለቱም የቀመሱት ርካሹን ቅልቅል ብቻ ነው። እኔ ልስላሴው ከሚገባው በላይ ተመስግኗል ባይ ነኝ። የአየርላንድ ውስኪ ትልቁ ሀብት ካልበቀለ ገብስ የሚገኘው ቅመም ቅመም የሚል፣ ምላስ ላይ እንደ ቅባት የሚተኛ ጣዕም ነው። ጠርሙስ ስመርጥ በመጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትንም የመዘንኩት በዚሁ ሚዛን ነው። ልስላሴን የሚያስቀድም አንባቢ ምርጫዬን ገልብጦ ሊያነበው ይችላል።

መለያው ላይ የሚነበበው

አንድ መጠጥ የአየርላንድ ውስኪ ለመባል በአየርላንድ ደሴት ላይ ተጣርቶ እዚያው ቢያንስ 3 ዓመት በእንጨት በርሜል መቆየት አለበት። ሲታሸግ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ደሴቱ ሲባል ሰሜን አየርላንድም ይገባበታል፤ ቡሽሚልስ የተባለው ውስኪ የሚሠራው እዚያ፣ አንትሪም ውስጥ ነው።

አራት ዓይነት አለ። ማልት ከገብስ ብቅል ብቻ ተጠንስሶ በመዳብ ጋን የሚጣራው ነው። ግሬይን በአብዛኛው ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ተሠርቶ በረጅም ዓምድ የሚወጣ፣ ቀለል ያለ መጠጥ ነው። ፖት ስቲል የአየርላንድ የራሷ ነው፤ ቢያንስ 30 በመቶ የገብስ ብቅል፣ ቢያንስ 30 በመቶ ደግሞ ያልበቀለ ገብስ ይገባበታል። ያልበቀለውን ገብስ መጨመር እንዲስፋፋ ያደረገው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብቅል ላይ የተጣለው ግብር ነበር፤ ጠማቂዎቹ ግብሩን ለመቀነስ ብለው የጀመሩት የአገሪቱ መለያ ጣዕም ሆኖ ቀረ። አራተኛው ብሌንድድ የሚባለው ቅልቅል ነው። ገበያውን የሞላው እሱ ነው።

ልስላሴው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ዳግም አረቄን የሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። አረቄ ሁለተኛ ሲወጣ ጥሬ ሽታው እየቀነሰ ኃይሉ ይጨምራል። አየርላንድ ውስጥ አብዛኛው ፋብሪካ ሦስተኛ ያወጣዋል። ሦስት ጊዜ ማውጣት ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ኮነማራ የተባለው ውስኪ ለምሳሌ ሁለት ጊዜ ብቻ የተጣራ ነው።

ሁለት ቁጥሮችን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። የመጀመሪያው የአልኮል መጠኑ ነው። አብዛኛው ርካሽ ጠርሙስ በሕጉ ዝቅተኛ ልክ፣ በ40 በመቶ ይታሸጋል። 46 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ አቀዝቅዘው በማጥለያ ያላሳለፉት ነው። ማጥለያው ውስኪው በረዶ ሲነካው እንዳይደፈርስ ያደርጋል፤ ነገር ግን ጣዕሙን የሚሸከመውን ቅባትም ይዞበት ይቀራል። «ቀጭን ነው» የሚለው ቅሬታ ግማሹ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ዕድሜው ነው። ዕድሜ የሚጻፈው በውስጡ ካለው ሁሉ የታናሹ ነው፤ 12 ተብሎ ከተጻፈ ከ12 ዓመት ያነሰ ጠብታ የለበትም። ቁጥር ያልተጻፈበት ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። ቀለሙን ደግሞ ጨርሶ አይመኑት፤ የተቃጠለ ስኳር ቀለም መጨመር የተፈቀደ ነውና ጥቁረቱ ስለ በርሜሉም ስለ ዕድሜውም ምንም አያረጋግጥም።

ጀምሰን፣ ቡሽሚልስ፣ ተላሞር ወይስ ፓወርስ?

ዋጋ ከአገር አገር፣ ከቀረጥ ቀረጥ ስለሚለያይ የጀምሰንን ዋጋ አንድ ብዬ ሌሎቹን በእሱ እለካለሁ።

ጀምሰን በዓለም ላይ ብዙ የሚሸጠው የአየርላንድ ውስኪ ነው። ጆን ጀምሰን በ1780 በደብሊን ቦው ስትሪት ከተጀመረው ፋብሪካ ጋር ስሙ የተቆራኘ ስኮትላንዳዊ ነበር። ዛሬ ውስኪው የሚሠራው ኮርክ ውስጥ ባለው በሚድልተን ፋብሪካ ነው። የፖት ስቲልና የግሬይን ቅልቅል ሲሆን ቫኒላ፣ ጥቂት ለውዝ፣ ከሥር ደግሞ የገብሱ ቅመም አለው፤ ቅመሙ ግን ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። ብዙ ልምድ ያላቸው ጠጪዎች «ለመቀላቀያ ነው» ብለው ያልፉታል። ፍርዱ የከበደ ቢሆንም ውሸት ነው አልልም። ከዝንጅብል ለስላሳና ከሎሚ ጋር በጣም ያምራል፤ ብቻውን ሲጠጣ ግን ሁለተኛው መለኪያ ከመጀመሪያው የተለየ ነገር አይነግርዎትም።

ቡሽሚልስ ኦሪጅናል በዋጋ ከጀምሰን እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይላል። ጠርሙሱ ላይ 1608 የሚል ዓመት አለ። ያ ዓመት ለአካባቢው የውስኪ መሥሪያ ፈቃድ የተሰጠበት ሲሆን፣ ድርጅቱ የተመዘገበው በ1784 ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የታሪክ ኩራት እንጂ የውስኪው ዕድሜ አይደለም። ከገብስ ብቅልና ከግሬይን የተቀላቀለ እንጂ ፖት ስቲል የለበትም፤ ለዚህም ነው ከጀምሰን ይልቅ ፖምና ማር የሚመስለው። አሜሪካ ውስጥ ጀምሰንን የካቶሊክ፣ ቡሽሚልስን የፕሮቴስታንት መጠጥ የሚያደርግ የቆየ የመጠጥ ቤት ወሬ አለ። ከስኮትላንድ የመጣው ጆን ጀምሰን ራሱ ፕሮቴስታንት ስለነበር፣ በዚህ ወሬ ጠርሙስ የሚመርጥ ሰው መሠረት በሌለው ነገር ላይ ገንዘቡን እያዋለ ነው።

ተላሞር ዲው ሦስቱንም ዓይነት፣ ማልትን፣ ግሬይንንና ፖት ስቲልን፣ አንድ ላይ የያዘ ነው። ጥሩ ነው፣ አይበድልም። ከጀምሰን ጋር ሲነጻጸር የሣርና የፍሬ ጠረን ይበዛበታል። ዋጋው ከጀምሰን ዝቅ ብሎ ካገኙት ይግዙት፤ እኩል ከሆነ ለመለወጥ የሚያበቃ ምክንያት አይታየኝም።

ፓወርስ ጎልድ ሌብል ግን ሌላ ነው። የደብሊን ቤት ነበር፤ ከ1791 ጀምሮ የሚቆጠር ታሪክ አለው፤ ዛሬ ከጀምሰን ጋር በዚያው በሚድልተን ይሠራል። ዋጋው ከጀምሰን እኩል ወይም በትንሹ ከፍ ያለ ነው። በውስጡ ያለው ፖት ስቲል በጣም ይበዛል፤ በብዙ ገበያም በ43.2 በመቶ ይታሸጋል። ልዩነቱ ገና ሲቀዳ ይታወቃል፦ ቁንዶ በርበሬና ቀረፋ የሚመስል ጠረን፣ ከዚያ ማር፣ መጨረሻ ላይ ገብስ። አየርላንዳውያን ራሳቸው ቤት የሚያስቀምጡት ጠርሙስ መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ፤ ከአገሩ ውጭ ግን ስሙ የጀምሰንን ያህል አልተሰማም። የሚቀርብበት ወቀሳ «ይጎረብጣል» የሚል ነው። ለእኔ ያ መጎርበጥ ራሱ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ነው። በዚህ የዋጋ መደብ አንድ ጠርሙስ ብቻ ግዛ ብባል ያለ ማመንታት ፓወርስን እገዛለሁ።

ትንሽ ጨምረው ቢገዙ

በዚህ መደብ የቡሽሚልሱ ብላክ ቡሽ ከጀምሰን ሲሶ ያህል ቢወደድ ነው። በጠጪዎች ዘንድ «ከዋጋው በላይ የሆነ» የሚባል ጠርሙስ ካለ እሱ ነው፤ በዚህ ላይ የሚከራከር ሰው ብዙም አልሰማሁም። ከውስጡ 80 በመቶ ገደማ ማልት ነው፤ ኦሎሮሶ የተባለ የስፔን ሼሪ ወይን በነበረበት በርሜል ውስጥ ስለቆየ ዘቢብና የደረቀ በለስ ይሸታል። የሚጎድለው ነገር ጉልበት ነው፤ 40 በመቶ ላይ ስለታሸገ በረዶ ከገባበት ይሞታል። ያለ በረዶ ይጠጡት።

ቲሊንግ ስሞል ባች በተቃራኒው ጉልበት አለው፤ 46 በመቶ ነው። ማልትና ግሬይን ተቀላቅሎ መጨረሻ ላይ ሮም የተባለ የሸንኮራ መጠጥ በነበረበት በርሜል ይቆያል። ስለዚህ ይጣፍጣል፣ የሸንኮራ ጠረን አለው። ቦርቦን የተባለውን የአሜሪካ የበቆሎ ውስኪ ለሚወድ ሰው ወደ አየርላንድ መግቢያ ይህ ነው እላለሁ። ፖት ስቲልን ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም፤ ከእሱ አንድ ጠብታ የለበትምና። የቲሊንግ ቤተሰብ በ2015 ደብሊን ውስጥ የከፈተው ፋብሪካ በከተማዋ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ የተተከለ የመጀመሪያው አዲስ ፋብሪካ ነው። የራሱንም ሲንግል ፖት ስቲል በ46 በመቶ ያወጣል፤ እሱ ወጣትና ሻካራ ስለሆነ ጠጪዎችን ለሁለት ይከፍላል።

ጀምሰን ብላክ ባረል ፖት ስቲሉ በዝቶበት ውስጡ ደጋግሞ በተለበለበ የቦርቦን በርሜል የቆየ ነው። ከተራው ጀምሰን ይበልጣል፤ ከፓወርስ ይበልጣል ብዬ ግን ተጨማሪውን ገንዘብ አልከፍልም። ራይተርስ ቲርስ ፖት ስቲልንና ማልትን ያለ ግሬይን ያቀላቀለ ነው፤ ገር፣ ማራኪ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው የሚመች። 40 በመቶ መሆኑን ግን እዚህም እቃወማለሁ።

ሬድብረስትና ግሪን ስፖት፦ ክርክሩ የሚሞቅበት

ከጀምሰን ዋጋ እጥፍ ሲያልፉ ሲንግል ፖት ስቲል ይጀምራል። ይህ ማለት ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ ግሬይን ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ፖት ስቲል ነው። እዚህ ስለ ጣዕም ብዙ ጠብ የለም፤ ጠቡ ስለ ዋጋ ነው።

ግሪን ስፖትን ለደብሊኑ የወይን ነጋዴ ለሚቼል ቤተሰብ የሚሠራለት ሚድልተን ነው። በድሮው ጊዜ ነጋዴው የበርሜሎቹን ዕድሜ ለመለየት በቀለም ነጥብ ምልክት ያደርግባቸው ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ዕድሜ አይጻፍበትም። አረንጓዴ ፖም፣ ገብስ፣ ጥቂት ናና፣ ንጹሕና ቀጥ ያለ። ወንድሙ የሎ ስፖት 12 ዓመት የቆየ፣ 46 በመቶ የሆነና የማላጋ ጣፋጭ ወይን በርሜል የተጨመረበት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሰቀላል።

ሬድብረስት 12 ከጀምሰን ሁለት እጥፍ ተኩል፣ አንዳንድ ቦታም ሦስት እጥፍ ያወጣል። የቦርቦንና የኦሎሮሶ ሼሪ በርሜሎች ተጣምረውበታል። ሲሸት የገና ኬክ፣ ሲቀመስ ቅመም፣ ከዋጡት በኋላ ደግሞ ረጅም ጊዜ አፍ ላይ የሚቆይ የለውዝና የገብስ ጣዕም አለው። የአየርላንድ ውስኪ አፍ ላይ አይቆይም የሚል ሰው ይህን ቀምሶ ክርክሩን ቢቀጥል ይገርመኛል። የነባር ጠጪዎች ቅሬታ ዋጋው ከዓመት ዓመት መውጣቱ ነው፤ እውነት ነው፣ ወጥቷል። በዚህ ዋጋ 40 በመቶ ብቻ መሆኑም ያስከፋቸዋል፤ በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። መፍትሔው እዚያው ቤት ውስጥ አለ። ሉስታው የሚባለው እትም በሼሪ በርሜል ተጨማሪ ጊዜ ቆይቶ በ46 በመቶ የታሸገ ነው። ያው 12 ዓመቱ ያለ ውኃ፣ በርሜል ውስጥ በነበረው ኃይሉ የሚታሸግበት ካስክ ስትሬንግዝም አለ። ካስክ ስትሬንግዙ ከ55 በመቶ በላይ ስለሚሆን ውኃውን እርስዎ ይጨምራሉ፤ አንዱ ጠርሙስ በተግባር ከአንድ በላይ ይሆናል። በአልኮል ሲሰላ የዋጋው ልዩነት ከሚመስለው ያነሰ ነው።

እኔ ብቻዬን ቀስ ብዬ ለምጠጣው ሬድብረስት 12ን ከግሪን ስፖት አስበልጣለሁ። ሼሪ የማይወድ ሰው፣ ወይም የገብሱን ጠባይ ሳይሸፈን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ግሪን ስፖትን ይግዛ፤ ትምህርት ቤት እሱ ነው።

ከዚህ በላይ ሚድልተን ቬሪ ሬር አለ። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ይወጣል፤ ዋጋው የጀምሰን ሰባትና ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ውብ መጠጥ ነው። ነገር ግን ከዋጋው ብዙው የሚከፈለው ለእንጨት ሳጥኑ፣ ለስሙና በመለያው ላይ ለተጻፈው ዓመት ነው። ለሚሰበስብ ሰው ይሁን። ለሚጠጣ ሰው በዚያ ገንዘብ ሬድብረስት፣ ግሪን ስፖትና ፓወርስ አንድ ላይ ገብተው ለብላክ ቡሽም ይተርፋል።

ጭስ ለሚፈልግ

የአየርላንድ ውስኪ ጭስ የለውም የሚለው አባባል ለአብዛኛው ልክ ነው። ብቅሉን ሲያደርቁ፣ በአንዳንድ የስኮትላንድ አካባቢዎች እንደሚደረገው፣ ፒት የተባለውን ከረግረግ የሚቆረጥ ማገዶ አያጨሱበትም። ኮነማራ ግን ያጨሳል። የስኮትላንዱን የአይላ ደሴት ውስኪ የለመደ ሰው ይህ ይለሰልስበታል፤ ለጀማሪ ግን ጭስን ለመልመድ የሚመች ነው።

አንድ ፋብሪካ፣ ብዙ ስም

ሚድልተን ይህን ያህል መደጋገሙ በአጋጣሚ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ውስኪ በዓለም ገበያ ገናና ነበር። ኢኒያስ ኮፊ የተባለ አየርላንዳዊ የቀድሞ የቀረጥ ባለሥልጣን በ1830 ያለማቋረጥ የሚያጣራውን ዓምድ የፈጠራ ባለቤትነት ሲያስመዘግብ፣ የደብሊን ትላልቅ ቤቶች ናቁት፤ ስኮትላንዳውያን ግን ተቀብለው በርካሽ ቅልቅል ገበያውን ያዙ። ከዚያ የነጻነት ጦርነቱ፣ ከ1920 እስከ 1933 የቆየው የአሜሪካ የመጠጥ እገዳና ከብሪታንያ ጋር የነበረው የንግድ ጠብ ተደራረቡ። በ1966 የቀሩት የጀምሰን፣ የፓወርና የኮርክ ድርጅቶች ተዋሃዱ፤ በ1975ም ሥራቸውን ወደ አዲሱ የሚድልተን ፋብሪካ አጠቃለሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በደሴቱ ላይ የሚሠሩት ሚድልተንና ቡሽሚልስ ብቻ ነበሩ።

ዛሬ ከ40 በላይ ፋብሪካዎች አሉ። ይህ ለገዢው አንድ ጥንቃቄ ያስከትላል። ውስኪ ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት ስላለበት ብዙ አዳዲስ ስሞች የሚጀምሩት ከትልልቆቹ የተገዛ ውስኪ በማሸግ ነው። ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን መለያው ስለ መንደሩና ስለ ምንጩ ረጅም ታሪክ እየተረከ የት እንደተጣራ ዝም ካለ፣ የሚከፍሉት ለታሪኩ ነው። «እዚህ ተጣርቶ፣ ቆይቶ፣ ታሸገ» የሚለውን ይፈልጉ። ከአዳዲሶቹ የራሳቸውን የሚሠሩት ደግሞ ወጣት ውስኪ በውድ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳሉ፤ ገበያውም ሁሉንም አልተሸከመም። በገብስ ማሳዎቹ ልዩነት ላይ ያተኮረውና ብዙ አድናቂ ያፈራው የዋተርፎርድ ፋብሪካ በ2024 መጨረሻ በዕዳ ምክንያት በባለ አደራ እጅ ገብቷል። አዲስ ፋብሪካን መደገፍ የሚወድ ሰው ይደግፍ፤ ለመጀመሪያ ጠርሙሱ ግን ወደ ነባሮቹ ቢሄድ ይሻለዋል።

ሲገዙና ሲያቀርቡ

ዋጋ ሲያነጻጽሩ የጠርሙሱን መጠን ይዩ። በአውሮፓ 700፣ በአሜሪካ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ የአየር ማረፊያ ቀረጥ ነጻ ሱቅ ብዙ ጊዜ አንድ ሊትር ይሸጣል። ከዱባይ ወይም ከፍራንክፈርት አልፈው ወደ አዲስ አበባ የሚገቡ ሰዎች በእነዚህ ሱቆች ለየት ያለ ስም ያለው እትም ያገኛሉ። ለመንገደኛ ተብሎ የተሠራ ሁሉ ከተለመደው ይሻላል ማለት አይደለም፤ የአልኮል መጠኑንና የውስኪውን ዓይነት አንብበው ይወስኑ። ለአባት ወይም ለአጎት ስጦታ ከሆነ፣ በአገራችን የዕድሜ ቁጥር ያለው ጠርሙስ ክብሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ሬድብረስት 12 ያስከብራል፤ ከስኮች ጋር የኖረ አዋቂ ጠጪንም አያሳፍርም።

ከምግብ ጋር፣ በርበሬና አዋዜ በቀረበበት ገበታ ላይ ካስክ ስትሬንግዝ አይክፈቱ፤ ማቃጠል በማቃጠል ላይ ይሆናል። ለጥብስ ፓወርስን በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ፣ ወይም ጀምሰንን በሶዳ እመርጣለሁ። ሬድብረስትና ብላክ ቡሽ ከማዕድ በኋላ ይቅረቡ፤ በጠባብ አፍ ብርጭቆ፣ መጀመሪያ ሳይነካ ተሽቶ፣ ከዚያ የውኃ ጠብታ ተጨምሮበት።

ለአይሪሽ ኮፊ ውድ ጠርሙስ ማባከን አያስፈልግም። ጆ ሸሪዳን የተባለ ምግብ አብሳይ በ1940ዎቹ በፎይንስ የባሕር አውሮፕላን ማረፊያ ለበረዷቸው መንገደኞች ያቀረበው መጠጥ ውስኪ፣ ትኩስ ቡና፣ ስኳርና ከላይ የተንሳፈፈ ክሬም ነው። ከቡናው ጋር የሚታገል ጉልበት ስለሚፈለግ እዚህም ፓወርስ ከጀምሰን ይቀድማል። ቡናው ጠቆር ብሎ የተቆላ ይሁን። የይርጋጨፌን ቡና ቀላ አድርገው ቆልተው ከሆነ ግን ለብቻው ይጠጡት፤ አበባማ ጠረኑ በውስኪና በክሬም ውስጥ ሊጠፋ አይገባውም።

የተከፈተ ጠርሙስ ቆሞ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። እስከ ግማሹ ሙሉ ከሆነ ለብዙ ወራት ጣዕሙን ይጠብቃል፤ ሩቡ ሲቀር ግን አየሩ እየበዛ ጠረኑ ስለሚደክም፣ ያንን ለእንግዳ አቅርበው ይጨርሱት።